ሲያልቅ አያምር

የዋሽንግተኑን የቤዝቦል ቡድን የናሽናልስን ነገር በአንድ ምሽት አስረዳኝ የሚለኝ ቢመጣ፣ ዋንጫ ያነሱበትን ምሽት አልፌ ኦክቶበር 12 ቀን 2012ን ነው የምነግረው። (አቆጣጠሩ ሁሉ የፈረንጆቹ ነው። በእኛ ልጽፈው ሞክሬ ኦክቶበር መስከረምና ጥቅምት ላይ እየተከፈለ ስላስቸገረኝ ትቼዋለሁ።) ቡድኑ በዚያ ዓመት 98 ጨዋታ አሸንፎ ነው ወደ ጥሎ ማለፉ የገባው። ከሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ጋር በጨዋታ 2 ለ 2 ከተባባሉ በኋላ፣ በወሳኙ አምስተኛ ጨዋታ በሦስተኛው ኢኒንግ (አንድ ጨዋታ ዘጠኝ ኢኒንግ፣ ማለትም ዘጠኝ ዙር አለው) 6 ለ 0 ይመራ ነበር። መሪነቱ እየተሸረሸረ መጥቶ ዘጠነኛው ኢኒንግ ሲጀመር 7 ለ 5 ሆነ። የቀረው ሦስት መቺ አውት ማድረግ፣ ማለትም ማስወጣት ብቻ ነው።

ድሩ ስቶረን የሚባል የ25 ዓመት ወጣት ወርዋሪ ሊዘጋው ገባ። የመጀመሪያው መቺ ካርሎስ ቤልትራን ደብል መታ፤ በአንድ ምት ሁለተኛዋ ማረፊያ (ቤዝ) ደረሰ። ከዚያ ሁለት ሰው አውት ሆነ፤ አንድ ቀረ። ስቶረን ያዲየር ሞሊናን ሁለት ስትራይክ ላይ አደረሰው (ሦስት ስትራይክ መቺውን ያስወጣል)፣ ግን ሦስተኛው ጠፋውና ሞሊና በዎክ አለፈ፤ አራት ኳስ ከዒላማ ውጭ ስለተወረወረለት የመጀመሪያዋን ቤዝ በነፃ ያዘ። ዴቪድ ፍሪስንም ሁለት ስትራይክ ላይ አደረሰው፣ እሱም በዎክ አለፈ። ቀጥሎ ዳንኤል ዴስካልሶ የመታት ኳስ የኢያን ዴስመንድን ጓንት ነክታ አፈተለከች፤ 7 ለ 7። ፒት ኮዝማ ደገመ፤ 9 ለ 7። ከተማው ቤዝቦል ሳያይ ከ30 ዓመት በላይ ኖሮ፣ ቡድን ካገኘ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር፤ የመጀመሪያው የክብር ዓመቱ በዚህ አለቀ።

በእግር ኳስ ላደገ ሰው የዚህን ዓይነት ሽንፈት ክፋት ማስረዳት ይከብዳል። በእግር ኳስ በ88ኛው ደቂቃ የሚመራ ቡድን ስንት መላ አለው! ኳሷን ወደ ማዕዘን ወስዶ ያሽሻታል፣ በረኛው ሆዱን ይዞ ይንከባለላል፣ አሰልጣኙ ተጫዋች ይቀይርና ወጪው ተጫዋች ሜዳውን እየተሰናበተ በእርጋታ ይሻገራል። ቤዝቦል የሚገደል ሰዓት የለውም። ለማሸነፍ 27 ሰው አውት ማድረግ አለብህ፤ 26ቱን ካደረግህ በኋላም 27ኛው ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ ፊትህ ይቆማል፣ አንተም ኳሷን ሊመታት በሚችልበት ቦታ መወርወር ግድ ይሆንብሃል። ከ2023 ወዲህ ደግሞ ለወርዋሪው የሰከንድ ገደብ መጥቷል፤ ያ ሰዓት የሚያጣድፈው የሚመራውንም ነው።

ሥራው እንዴት እንደሚከፋፈል በአጭሩ ልናገር። ስታርተር የሚባለው ወርዋሪ ጨዋታውን ይጀምርና እንደ ጉልበቱ አምስት ወይም ስድስት ኢኒንግ ይወረውራል። መቺዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲገጥሙት የኳሱን አካሄድ ለምደውታል፣ ክንዱም ደክሟል። ስለዚህ ከአጥሩ ወዲያ ካለው ቡልፔን፣ ተለዋጭ ወርዋሪዎች ከሚያሟሙቁበት ቦታ፣ ሌላ ሰው ይጠራል፤ ከእሱ በኋላ ሌላ፣ በመጨረሻም ዘጠነኛውን የሚዘጋው ክሎዘር። ክሎዘሩ በአብዛኛው የሚወረውረው አንድ ኢኒንግ ነው፣ ያችን አንድ ግን ያለ የሌለ ጉልበቱን አውጥቶ ነው። ቡድኑ በሦስት ነጥብ ወይም ከዚያ ባነሰ ልዩነት እየመራ ሳለ ገብቶ ጨዋታውን ከዘጋ «ሴቭ» ይመዘገብለታል፤ መመዝገብ የተጀመረው በ1969 ነው። ሲሳካለት የማግስቱ ወሬ ሆም ራን (ኳሷን ከአጥሩ ወዲያ ያሻገረ ምት) ስለመታው ሰው ነው። ሲበላሽበት ፎቶው የእሱ ነው።

እኔ ይህን ሁሉ የተማርኩት ከሬዲዮ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ የነዳ ሐበሻ ቤዝቦል ባይወድም ስለ ቤዝቦል ያውቃል፤ ምክንያቱም የኔቪ ያርድ (ስታዲየሙ ያለበት ሰፈር) ሰው ከስታዲየም የሚወጣበት ሰዓት እንጀራው ነው። ጨዋታው በሰዓቱ ካለቀ ወረፋ ይዘህ ትጠብቃለህ፤ ቡልፔኑ ካበላሸውና ወደ ተጨማሪ ኢኒንግ ከሄደ ከተማ ዞረህ መመለስ ትችላለህ። በዕድሜ የሚበልጠኝ አንድ ሹፌር ነበር። ስታዲየሙ አጠገብ ስንገናኝ «ስንት ለስንት ናቸው?» ብሎ አይጠይቀኝም፤ «አሁን የሚወረውረው ማነው?» ነው የሚለኝ። «ስቶረን ነው፣ ጋሼ» ካልኩት ወንበሩን ወደ ኋላ ያስተኛና «በል እንግዲህ፣ አንተም ትንሽ አረፍ በል፣ ዛሬ ገና ነን» ይላል። ሁላችንም እንስቅ ነበር።

ቀልዱ ጥሩ ነው፣ ፍርዱ ግን ገምድል ነው። ስቶረን በ2011 ብቻ 43 ሴቭ የመዘገበ ወርዋሪ ነበር። በ2014 ኢ አር ኤው 1.12 ነበር፤ ይህ ቁጥር ወርዋሪው በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ ስንት ነጥብ እንደሚሰጥ ይናገራል፣ ከ3 በታች የሆነ ሁሉ ደግሞ በኩራት ይሄዳል። ሰውየው በ162ቱ ጨዋታ ሲያገለግል ከርሞ የሚታወሰው በሁለት ምሽት ነው። አንደኛው ከላይ የነገርኳችሁ ነው።

ሁለተኛው ኦክቶበር 4 ቀን 2014 ነው፤ ከሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ ጋር፣ እዚሁ ዋሽንግተን። ጆርዳን ዚመርማን ከስድስት ቀን በፊት፣ በመደበኛው ውድድር የመጨረሻ ቀን፣ አንድም ሰው ሂት (ቤዝ የሚያስይዝ ምት) ያልመታበትን ጨዋታ የወረወረ ሰው ነው። በዚህ ምሽትም 20 መቺ በተከታታይ አውት አድርጎ፣ 1 ለ 0 እየመራ፣ በዘጠነኛው ሁለት አውት ካገኘ በኋላ ጆ ፓኒክን በዎክ አሳለፈው። አንድ ዎክ ብቻ። ማናጀሩ (አሰልጣኙ) ማት ዊሊያምስ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወጣና ኳሷን ተቀበለው። ስቶረን ገባ። በስተር ፖዚ ሲንግል (የአንድ ቤዝ ምት)፣ ፓብሎ ሳንዶቫል ደብል፣ 1 ለ 1። ጨዋታው 18 ኢኒንግ ሄደ፤ ብራንደን ቤልት በሆም ራን 2 ለ 1 ሲጨርሰው 6 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ሆኖት ነበር፣ በዚያን ጊዜ በኦክቶበር ጨዋታዎች ታሪክ ረጅሙ። በማግስቱ በየመኪናው የተሰደበው ስቶረን ነው። ዚመርማንን ያስወጣውም ሰው ተሰድቧል፣ ግን ትንሽ።

እኔ ከዚያ ወዲህ የያዝኩት አቋም አንድ ነው፤ የናሽናልስ ችግር ጉብታው ላይ የሚቆመው ወርዋሪ ሆኖ አያውቅም። ችግሩ ተጫዋች የሚገዛውና የሚሸጠው ቢሮ ነው። ያ ቢሮ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ኢኒንጎች ቤት ይሠራል፣ ለመጨረሻዎቹ ሦስት ግን ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮ ፍለጋ ይወጣል። ገንዘቡን ተመልከቱ። ለማክስ ሸርዘር 7 ዓመት፣ 210 ሚሊዮን ዶላር። ለስቲቨን ስትራስበርግ 7 ዓመት፣ 175 ሚሊዮን። ለፓትሪክ ኮርቢን 6 ዓመት፣ 140 ሚሊዮን። ሦስቱም ስታርተሮች ናቸው። ቡልፔኑ ሲደርስ ግን ነገሩ የጁላይ ሥራ ይሆናል፤ ወቅቱ ከተጋመሰ፣ ጨዋታ ከተበላሸ፣ ሰው ከተማረረ በኋላ፣ የዝውውሩ ቀነ ገደብ ሲቃረብ ከሌላ ቡድን ክሎዘር መግዛት።

ዝርዝሩን አንዴ ተመልከቱት። በ2013 መጀመሪያ፣ የስቶረን ቁስል ገና ሳይደርቅ፣ ራፋኤል ሶሪያኖን በ28 ሚሊዮን አመጡና በላዩ ላይ አስቀመጡት። ሶሪያኖም በ2014 መጨረሻ ላይ ቦታውን አጣ። በጁላይ 2015 ጆናታን ፓፕልቦን ከፊላደልፊያ መጣ። በ2016 ማርክ ሜላንሰን ከፒትስበርግ። በ2017 ሾን ዱሊትልና ራያን ማድሰን ከኦክላንድ፣ ብራንደን ኪንዝለር ከሚኒሶታ። በ2019 ዳንኤል ሃድሰን ከቶሮንቶ፣ ሌሎች ሁለት ደግሞ ከሲያትል። የጁላይ ደንበኛ ሆነው ቀሩ።

የ2015ቱ ግን ለብቻው ይነገር። ስቶረን በዚያ ዓመት ፓፕልቦን እስኪመጣ ድረስ 29 ሴቭ ነበረው፣ ኢ አር ኤው 1.73። እስቲ በየትኛው ጥፋቱ ነው? ፓፕልቦን ዝውውሩን የተቀበለው ዘጠነኛውን እኔ ካልዘጋሁ ብሎ ነው፤ ቢሮውም እሺ አለ። ስቶረን ወደ ስምንተኛው ወረደ፤ ሥራውን በደንብ እየሠራ ሳለ ሌላ ሰው በላዩ ሲሾም ይህ ሁለተኛው ነው። ከዚያ በኋላ ወርዋሪነቱ ጠፋ። ሴፕቴምበር ላይ ከኒው ዮርክ ሜትስ ጋር ዮኤኒስ ሴስፔዴስ ሆም ራን ከመታበት በኋላ ሎከሩን በንዴት ደበደበና አውራ ጣቱን ሰበረ፤ ዓመቱም በዚያው አበቃ። በወሩ መጨረሻ አካባቢ ደግሞ የመጣው ክሎዘር፣ ፓፕልቦን፣ የቡድኑን ኮከብ ብራይስ ሃርፐርን ካሜራ ፊት አንገቱን አነቀው። በጃንዋሪ ስቶረን ወደ ቶሮንቶ ተሸኘ። አንድ የሚሠራ ሰው ሰጥተው ጠብ ገዙ።

የብሌክ ትራይነን ጉዳይም ያንገበግበኛል። በ2017 መጀመሪያ ክሎዘር ተባለ፣ ጥቂት ሳምንት ተንገዳገደ፣ ወዲያው ከቦታው አነሡት። ጁላይ ላይ የዱሊትልና የማድሰን ዋጋ ሆኖ ወደ ኦክላንድ ሄደ። በቀጣዩ ዓመት እዚያ 38 ሴቭ ሠራ፣ ኢ አር ኤው 0.78። ያው ክንድ፣ ያው ኳስ። በ2018 ደግሞ ሾን ኬሊ የሚባለው ሪሊቨር (ከቡልፔን የሚመጣ ወርዋሪ) ሜትስን 25 ለ 1 እየመሩ ገብቶ ሆም ራን ሲመታበት ጓንቱን መሬት ላይ ወረወረ፤ በማግስቱ ከቡድኑ አስወጡት። እሱንም ኦክላንድ ወሰደው። (አንዳንድ ጊዜ ኦክላንዶች እዚህ ስታዲየም ደጃፍ ላይ ሚኒባስ አቁመው የሚጠብቁ ይመስለኝ ነበር።)

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው 2019 የመጣው። አንባቢዬ ዋንጫውን ያውቅ ይሆናል፤ ቡልፔኑን ግን ላስታውስ። ለዘጠነኛው መንገድ እንዲጠርግ ትሬቨር ሮዘንታልን በ7 ሚሊዮን ዶላር ለአንድ ዓመት አመጡ። ክርኑን በቀዶ ጥገና አስጠግኖ ያለፈውን ዓመት ሙሉ ያልወረወረ ሰው ነው። በመጀመሪያዎቹ አራት ጨዋታዎች አንድም ሰው አውት ማድረግ አልቻለም። ኢ አር ኤ የሚሰላው የተሰጠው ነጥብ ለተወረወረው ኢኒንግ ተካፍሎ ስለሆነ፣ ማካፈያው ዜሮ ሆነና በሰንጠረዡ ላይ የኢንፊኒቲ ምልክት ተጻፈለት። ጁን ላይ ሲሰናበት ቁጥሩ ቢያንስ ቁጥር ሆኖ ነበር፤ 22.74።

ሸክሙ በሙሉ ዱሊትል ላይ ወደቀ። ሌሎቹ ስለማይታመኑ በስምንተኛውም ይጠራል፣ በዘጠነኛውም ይጠራል። በሜይ መጨረሻ ኒው ዮርክ ውስጥ አራት ተከታታይ ጨዋታ ተሸንፈው የዓመቱ ውጤታቸው 19 ድል፣ 31 ሽንፈት ሆነ። ማናጀሩ ዴቭ ማርቲኔዝ ይባረራል እየተባለ ሬዲዮው ሁሉ ሲጮህ ሰነበተ። ኦገስት ላይ ዱሊትል በአንድ ዘጠነኛ ኢኒንግ ሚልዋኪዎች ሦስት ሆም ራን ከመቱበት በኋላ በጉልበት ሕመም እረፍት ወጣ፤ ያ ጨዋታ በ14ኛው ኢኒንግ 15 ለ 14 ተሸነፈ። 14 ነጥብ አግኝቶ መሸነፍ!

ቡልፔኑ ዓመቱን የጨረሰው በ5.66 ኢ አር ኤ ነው፣ በናሽናል ሊግ የመጨረሻው። ያ ቡድን ግን ከ19–31 በኋላ 74 አሸንፎ 38 ብቻ ተሸነፈ። በሴፕቴምበር 3 ከሜትስ ጋር በዘጠነኛው ኢኒንግ ሰባት ነጥብ አግብቶ 11 ለ 10 አሸነፈ፤ ኩርት ሱዙኪ በኤድዊን ዲያዝ ላይ የመታት ሆም ራን ናት። ያን ምሽት ሬዲዮ ላይ የሰማ ሰው እስካሁን ይተርከዋል። እኔን ያስደሰተኝ ሌላ ነገር ነው፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ የተቃጠለው የሌላ ሰው ቡልፔን ነበር።

ኦክቶበር ላይ ማርቲኔዝ ያደረገው ቡልፔኑን መጠገን አይደለም፣ መደበቅ ነው። ስታርተሮቹን በመሐል ማስገባት ጀመረ። በአንዷ የማጣሪያ ጨዋታ ከሚልዋኪ ጋር ሸርዘር ጀመረ፣ ስትራስበርግ ከመሐል ገብቶ ሦስት ኢኒንግ ያለ ነጥብ ዘጋ፣ ሃድሰን ጨረሰ፤ 4 ለ 3። ሎስ አንጀለስ ላይ ሸርዘር በስምንተኛው ገብቶ ሦስት መቺ በስትራይክ ጣለ። በአጠቃላይ ማርቲኔዝ በእርግጥ የሚያምናቸው ስድስት ናቸው፤ አራት ስታርተሮች፣ ዱሊትልና ሃድሰን። የቀሩት ቡልፔን ውስጥ የሱፍ አበባ እየቆረጠሙ ይመለከታሉ።

ብልጠት ነበር ይላሉ፣ ልክ ነው። ግን ቁማርም ነበር። ያው ዘዴ በ2017 አምስተኛው ጨዋታ ከቺካጎ ካብስ ጋር ተሞክሯል፤ ሸርዘር በአምስተኛው ኢኒንግ ቡድኑ 4 ለ 3 እየመራ ሳለ ገብቶ አራት ነጥብ ሰጠ፣ 9 ለ 8 ተሸነፉ። በዚያው በ2019ም ኮርቢን ከሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ ጋር ከመሐል ገብቶ በአንድ ኢኒንግ ስድስት ነጥብ ሰጥቷል። አንድ ስታርተር ከመሐል እንዲገባ ክንዱን የሚያዘጋጅበት ሥርዓት የተለየ ነው፣ የሚያርፍበትም ቀን ይዛባል። ሲሳካ ጀግንነት ይባላል።

የዋንጫው ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ፣ ኦክቶበር 30፣ ሂውስተን። አስትሮስ በሰባተኛው ኢኒንግ 2 ለ 0 ይመራሉ፣ ዛክ ግሪንኪ ድንቅ እየወረወረ ነው። አንቶኒ ሬንዶን ሆም ራን መታ፣ ሁዋን ሶቶ በዎክ አለፈ። ግሪንኪ ገና 80 ኳስ ነው የወረወረው፤ ማናጀራቸው ኤ ጄ ሂንች አወጣው። ከቡልፔን የገባው ዊል ሃሪስ ነው፣ በዚያ ዓመት ኢ አር ኤው 1.50 የነበረ፣ ከሊጉ ምርጥ ሪሊቨሮች አንዱ። ኳሷን ዝቅ አድርጎ በዳር በኩል ወረወራት፤ ጥሩ ኳስ ናት፣ ዛሬም ሳያት ጥሩ ኳስ ናት። ሃዊ ኬንድሪክ በቀኝ በኩል የድንበሩ ምሰሶ ላይ ላካት። 3 ለ 2። ኮርቢን ከስድስተኛው ጀምሮ ሦስት ኢኒንግ ያለ ነጥብ፣ ሃድሰን ዘጠነኛውን። 6 ለ 2፣ ዋንጫ። በእኛ በኩል ያሉ ሹፌሮች ያን ሌሊት የቡድኑን ስም የማያውቁት ሳይቀሩ ጡሩምባ ሲነፉ አደሩ፤ ተሳፋሪ እንደ ልብ ነበር፣ ጉርሻውም እንደዚያው።

ዊል ሃሪስን እያየሁ ግን ስቶረንን ነው ያሰብኩት። ግሪንኪን ማውጣት፣ ዚመርማንን ማውጣት፤ አውጪው ሌላ፣ በታሪክ የሚታየው ፊት ሌላ። የዋሽንግተን ደጋፊ ያን ለሰባት ዓመት ኖሮበት በዚያ ምሽት ከማዶ ሆኖ ሳቀበት።

በዋንጫው ማግስት ናሽናልስ ምን አደረጉ? ያንኑ ዊል ሃሪስን በሦስት ዓመት ውል በ24 ሚሊዮን ዶላር አመጡት። ይህን እንኳ በጁላይ ሳይሆን ውድድሩ ሳይጀመር ገዙ፣ እኔም ደስ አለኝ። ሰውየው በሁለተኛው ዓመት ስምንት ጨዋታ ብቻ ወርውሮ ቀዶ ጥገና ገባ፣ ከዚያ ወዲህ ለቡድኑ አልወረወረም። የዋንጫዋን የመጨረሻ ኳስ የወረወረው ሃድሰን ደግሞ በ2020 ኢ አር ኤው 6.10 ሆነ። ሪሊቨር እንዲህ ነው፤ ዓመት ከዓመት የማይገመት፣ ክንዱ በአንድ ወቅት ወርቅ በቀጣዩ አመድ። ይህን የሚያውቅ ቢሮ አንድ ትልቅ ስም ገዝቶ አይተኛም፤ ሰባት ስምንት የተለያየ ክንድ ሰብስቦ፣ ወጣት እያሳደገ፣ የሚሠራውን እስኪያገኝ ይታገሳል። ትራይነን ላይ ያጡት ይህን ትዕግሥት ነው።

በጁላይ 2025 ጄኔራል ማናጀሩ ማይክ ሪዞና ማርቲኔዝ በአንድ ቀን ተሰናበቱ። በዚያ ዓመትም ቡልፔኑ ከሊጉ ደካሞች አንዱ ነበር፤ ክሎዘሩን ካይል ፊኔጋንን በዚያው ወር ለዲትሮይት ሰጡት፣ ለዓመታት ገዢ የነበሩት በጁላይ ሻጭ ሆኑ። አሁን ቢሮውን ፖል ቶቦኒ፣ ቡድኑን ደግሞ ብሌክ ቡቴራ ይዘውታል፤ ሁለቱም ወጣቶች ናቸው፣ ሁለቱም በ2012 እዚህ አልነበሩም። ስለ ስታርተሮቻቸው ብዙ ይወራል። እኔ የምጠብቀው አንድ ልጅ በኤፕሪል ሁለት ጨዋታ ዘጠነኛው ላይ ሲያበላሽባቸው ሦስተኛውን ይሰጡታል ወይ የሚለውን ነው።